ከተጠርጣሪው ጋር ያላት ዝምድና

የጭነት መኪና ሾፌሩ ጌዲ ባለፈው ሳምንት ሰበታ ውስጥ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከብረት በር ወዲያ ታሰረ። ከተፍኪ ብሎኬት አራግፎ ሲመለስ የሚነዳው አይሱዙ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ እግሯን ሰበረ። አብረውት የነበሩት ጫኞች ሮጡ። እሱ ግን ሴትዮዋን አቅፎ ጋቢና ውስጥ አስተኛት፤ ሆስፒታል አደረሳት፤ ከዚያም የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በራሱ እግር ጣቢያ ገባ። ጂቱ ይህን የሰማችው በማግስቱ፣ ፉሪ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ጠመኔ በእጇ እንደያዘች ነው። ከእሱ ጋር ያላት ነገር ለባልደረቦቿ የታወቀ ስላልነበረ የጀመረችውን የሒሳብ ጥያቄ እስከ መጨረሻው ጽፋ ነው የወጣችው።

እነሆ ዛሬ ረቡዕ ስድስተኛ ቀኗ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ እንዳለቀ ሚኒባስ ትይዛለች፤ ዓለም ገና ላይ ትቀይራለች፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጣቢያው በር ላይ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ያመጣችው ሽሮ ነበር። ጌዲ ጨጓራው ታማሚ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ሌሊቱን ሲያስመልሰው እንዳደረ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ የምታመጣለት ለብለብ ያለ እንቁላልና ወተት ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነውና ይህን እቤቷ መሥራት አትችልም። እናቷ ወይዘሮ አጸደ በጾም የእንቁላል ሽታ ከጎረቤት ቢመጣ እንኳ መስኮት የሚዘጉ ሴት ናቸው። ስለዚህ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ከኡበይድ ቁርስ ቤት ታስጠብሳለች። ኡበይድ ምሳ እቃዋን ሲሞላ ይቀልድባታል። በዚህ ሰፈር የጾሙን ወር ኪሳራ ብቻዋን የሸፈነችለት አስተማሪዋ መሆኗን፣ እሷን ከመሳሰሉ ሁለት ደንበኞች ጋር ፎቅ እንደሚሠራ ይነግራታል። እሷም ፈገግ ትላለች እንጂ ለማን እንደሆነ አትናገርም።

በሩ ላይ ሴቶችን የምትፈትሸው ኮንስታብል ሮዛ ናት። ደንቡ አንድ ነው፤ ምግብ ያመጣ ሰው ፈታሿ ፊት ካልቀመሰ ምግቡ አይገባም። እንቁላል ይዛ በመጣችበት የመጀመሪያ ቀን ጂቱ ጿሚ መሆኗን ተናግራ፣ ሌላ ሰው ቢቀምስላትስ ብላ ጠይቃ ነበር። ሮዛ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ያመጣው ነው የሚቀምሰው አለቻት፣ ነገ አንድ ሰው ቢታመም ከሥራ ተባርራ ኮፍያዋን የምታወልቀው እሷ መሆኗን ጨምራ። ጂቱም ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች፤ በሁለት ጣቷ ጥቂት ቆንጥራ ቀመሰች። በማግስቱም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ቤቷ ስትመለስ እንደ ወትሮው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይታ፣ ከእናቷ ጋር ማዕድ ቀርባ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትበላለች። ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር።

በብረቱ በርና በግንቡ መካከል የአንድ መዳፍ ስፋት ያለው ክፍተት አለ። በዚያ ሰዓት ጌዲ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ይቆማል። ምንም አይባባሉም። እሱ እጁን እስከ ደረቱ ያነሳል፤ ከዚያ በላይ አያነሳም፤ እሷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ይህ ቢበዛ የአንድ ደቂቃ ነገር ነው። ጂቱ ግን ከዚያች ደቂቃ ተነስታ ነው የቀረውን ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ የምትኖረው።

ዛሬ ቧንቧው አጠገብ ማንም አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ ምሳ እቃው ወደ በሩ ተመለሰ። ከባድ ነበር። እንቁላሉ እንዳለ ነው፤ ወተቱም አልተነካም። በክዳኑ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት በላስቲክ ታስሮ አለ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣ አነበበችው።

«ጂቱ፣ ከነገ ጀምሮ አትምጪ። ምግብም አታምጪ። የዋሱንም ነገር ተይው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጌዲ።»

አራቱን ዓረፍተ ነገር ደጋግማ አነበበች። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አስደነገጧት፤ የጎዳት ግን የመጨረሻው ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚባለው መንገድ ላሳየ፣ ውሃ ላቀበለ እንግዳ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ለትምህርት ቤቱ አጥር ብሎኬት ሊያራግፍ መጥቶ ውሃ በሰጠችው ቀን ያላት ይህንኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጻፈላት ደብዳቤዎች ሁሉ አንድም ጊዜ አመስግኗት አያውቅም፤ ስለ ሰማይ፣ ስለ ጎማ፣ ሆሳዕና አጠገብ ስላለው ስለ እናቱ ማሳ ነው የሚጽፍላት። አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን መልሷታል። ረዳቱ ሒሳብ ሲላት የሰጠችው ያንን ወረቀት ነበር፤ ረዳቱ አይቶ መለሰላትና ዝም ብሎ አለፋት።

*

የዋሱ ነገር እንዲህ ነው። ማክሰኞ ዕለት የሐኪም ማስረጃ ደርሶ ጉዳቱ ለሴትዮዋ ሕይወት እንደማያሰጋ ስለተረጋገጠ ዳኛው ጌዲ በዋስ ሆኖ ጉዳዩን እንዲከታተል ፈቀዱ፤ ደመወዝተኛ ዋስ ያቅርብ፣ ወይም ሃያ ሺህ ብር ያስይዝ። እስከ ዓርብ ካላቀረበ ወደ ዞኑ ማረሚያ ቤት ይዛወራል፤ ክሱ የሚሰማው ደግሞ ከክረምት በኋላ ሊሆን ይችላል። ጌዲ ያጠራቀማት ገንዘብ የሴትዮዋን የተሰበረ እግር ለሚያያይዘው ብረት መግዣ ሄዳለች። የብሎኬት ማምረቻው ባለቤት በሦስተኛው ቀን ሌላ ሾፌር ቀጥሯል። አብረውት የሚያመልኩት የቤተ ክርስቲያን ወንድሞቹ ልባቸው ሙሉ ነው፤ ግን ሁሉም የቀን ሠራተኞች ናቸው። ለቀን ሠራተኛ የደመወዝ ደብዳቤ የሚጽፍለት የለም።

ጂቱ ደመወዝ አላት፤ ዋስ እንደምትሆነውም ማክሰኞ ዕለት በሩ ላይ ለሮዛ ነግራታለች። ረቡዕ ጠዋት፣ ያ ወረቀት ሳይደርሳት በፊት፣ ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄዳ ወይዘሮ ተረፈችን ደብዳቤ እንዲጽፉላት ጠይቃ ነበር። ደብዳቤው ለማን ዋስ ለመሆን እንደሆነ ስም መጥቀስ አለበት። ስሙን ስትናገር የወይዘሮ ተረፈች እስክሪብቶ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ፋይሏን ካገላበጡ በኋላ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። ጂቱ ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሟ ዲሪባ በአንድ የትራንስፖርት ማኅበር ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ሲቀጠር የሥራ ዋስ ሆናለታለች። አንድ ደመወዝ ሁለት ሰው አይዝም።

«ወንድምሽ ሌላ ዋስ ካመጣ በአንድ ቀን እሠራልሻለሁ፣ ልጄ» አሏት። «ካላመጣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

ዲሪባ ሊያመጣ የሚችለው ሌላ ዋስ አንድ ነው፤ አባታቸው ኦቦ ጎበና፣ የመሬት ደብተር ያላቸው። ኦቦ ጎበና ስለ ጌዲ አንድም ቃል ሰምተው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ፉሪ ሲያደርሳት ጂቱ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጎዳናው ዳር ቆመች። እንግዲህ የሚያስቸግር ነገር የለም፤ ተይው ተብላለች፤ አባቷን መጠየቅም አያስፈልጋትም። ይህን ባሰበች ቁጥር ግን ከቧንቧው አጠገብ ባዶ ሆኖ ያየችው ቦታ ይመጣባታል። ቢፈልጋትም ባይፈልጋትም ያ ሰው በዚያ ግቢ መሆን እንደሌለበት ታውቃለች። ወደ ቤቷ መሄድ ጀመረች። እግሯ ከልቧ ይልቅ የቆረጠ ይመስል ነበር።

*

ኦቦ ጎበና በአዲሶቹ ግንብ ቤቶች መካከል የቀረችውን ጤፍ ማሳቸውን አጥር ሲጠግኑ አገኘቻቸው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ጂቱ ቦርሳዋን አስቀምጣ የሽቦውን ጫፍ ያዘችላቸው፤ እሳቸው በፒንሳ እየጠመዘዙ ከእንጨቱ ጋር ያስራሉ። በሦስተኛው እንጨት ላይ ሲደርሱ ጀመረች።

«አባዬ፣ የዲሪባን ዋስትና ከእኔ ላይ እንድታነሳልኝ ፈልጌ ነበር።»

«ምን አጠፋ?»

«እሱ ምንም አላጠፋም። ለሌላ ሰው ዋስ ልሆን ነው።»

ፒንሳው አልቆመም። ማን እንደሆነ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ሾፌር እንደሆነ፣ ከደቡብ እንደመጣ፣ ጴንጤ እንደሆነ፣ እዚህ ዘመድ እንደሌለው አንድ በአንድ ተናገረች። ከእሷ ጋር ምን እንደሆነ ብቻ አልተናገረችም። እሳቸውም እዚያ ላይ አልጠየቁም።

«ያ ገጭቶ ያልሮጠው ልጅ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ። ሰምተሃል እንዴ?»

«ገበያ ላይ ያወራሉ። ግማሹ ጅል ነው ይለዋል።» ሽቦውን ሳብ አድርገው ለኩት። ከዚያ ጂቱ ሰምታው የማታውቀውን ነገር፣ እንደ ተራ ወሬ፣ አጫወቷት። እሷ ሳትወለድ ለአንድ ሰው ዋስ ሆነው ነበር። ሰውዬው ጠፋ፤ እሳቸው ሁለት በሬ ሸጠው ከፈሉ፤ ያን ዓመት በሰው በሬ አረሱ።

«ያን ጊዜ ራሴን የጠየቅሁት ደግ ሰው ነው ወይ ብዬ ነው» አሉ። «ደግ ነበረ። አሁንም ደግ ነው ቢሉኝ አልክድም። መጠየቅ የነበረብኝ ሲጠሩት ይመጣል ወይ ብዬ ነበር።»

«ጌዲ ይመጣል።»

«ይህን ያህል ታውቂዋለሽ?»

 ቦርሳዋ ውስጥ አትምጪ የሚል ወረቀት አለ። እንዲህ ላለው ጥያቄ እንዲህ ባለ ቀን መልስ መስጠት ትክክል ይሁን አይሁን አላወቀችም። ቢሆንም አባቷ የጠየቋት ስለ ወረቀቱ አልነበረም።

«አውቀዋለሁ» አለች።

ኦቦ ጎበና ፒንሳውን ኪሳቸው ውስጥ አስገቡ። የተመለከቱት እሷን ሳይሆን ማሳውን ነው።

«እኔ አላውቀውም። ለማላውቀው ሰው ዋስ አልሆንም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። ነገ ከወንድምሽ ጋር ሄጄ የእሱን እፈርማለሁ፤ የራስሽን አንቺው ፈርሚ።»

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል በእጃቸው ትከሻዋን ያዙና ሽቦውን እንዳትለቅ ነገሯት። አልለቀቀችም። የሽቦው ሾህ መዳፏን ወግቶት እንደነበር ያወቀችው ቤት ገብታ እጇን ስትታጠብ ነው፤ እዚያው ውሃው ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ ግን በትክክል አታውቅም ነበር።

*

ሐሙስ ዕለት ኦቦ ጎበናና ዲሪባ ማኅበሩ ዘንድ ሄደው ፈረሙ። ወይዘሮ ተረፈች ደብዳቤውን ለመተየብ የተጠርጣሪውን ስም ከነአያቱና የመዝገቡን ቁጥር ፈለጉ። ጂቱ የጌዲን አያት ስም እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት፤ ይህም ሌላ ትንሽ ሕመም ሆነባት። ወደ ጣቢያው ሄደች፣ ባዶ እጇን።

ሮዛ አየቻትና «ምሳው የታለ?» አለቻት።

ጂቱ አታምጪ መባሏን ነገረቻት።  ሮዛ መዝገቡን እየገለጠች ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን የሚያናድድ አልነበረም።

«ታዲያ እሱም አልበላም እኮ። ማክሰኞ በዚያ ቀዳዳ አይቶሽ፣ ‹ለምንድን ነው ፊቷን የምታዞረው?› ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አፌ መች ያርፋል፤ ነገርኩት። ጾመኛ ናት፣ ለአንተ ብላ ነው በየቀኑ የምትቀምሰው አልኩት። የኔ ቆንጆ፣ ፊቱን ብታዪው። ‹ከእንግዲህ ምንም እንዳታስገቢ› አለኝ። ስለ ዋሱም ሳነሳበት ‹በእኔ የተነሳ ስንት ነገር ታፍርስ?› ነው ያለኝ። በሉ እንግዲህ ሁለታችሁም ጹሙ፤ እኔ ብቻዬን ልወፍር።»

ከዚያ የጌዲን ሙሉ ስም ከነአያቱ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት።

ጂቱ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መንገድ ወጣች። የጭነት መኪኖቹ የጅማን መንገድ ይዘው አቧራ እያስነሱ ያልፋሉ። ከቦርሳዋ ያንን ሌላውን ወረቀት አውጥታ እንደገና አነበበችው። አንድም ፊደል አልተቀየረም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚለው ግን አሁን የእንግዳ ምስጋና አልነበረም፤ ሌላ የሚከፍለው ነገር የሌለው ሰው ያለውን ሁሉ የሰጠበት ነው። አዘነችበት፤ ወዲያውም ተናደደችበት። እሷን ሳይጠይቅ ስለ እሷ ጾም የወሰነው ማን ሆኖ ነው? ይህ ንዴት ከሳምንቱ ሁሉ የጣፈጠ ነገር ሆኖ ተሰማት።

*

ዓርብ ጠዋት ኦቦ ጎበና ሳይጠሩ ተነስተው አብረዋት መጡ። የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡና «ግቢ» ብለው እጃቸውን ወደ ሬጅስትራሩ ቢሮ አመለከቱ።

የሬጅስትራሯ ስም ኡርጂ ነው፤ የጂቱ እኩያ ናት። በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ። ኡርጂ የደመወዙን ደብዳቤ አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ ከዚያም በኦሮምኛ የታተመ የዋስትና ቅጽ አቀበለቻት። በዚያው ቅጽበት ጌዲ ከአንድ ፖሊስ ጋር ገባ። በመካከላቸው በር ሳይኖር ሲተያዩ በስምንት ቀን ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው። ጃኬቱ ታጥቧል፤ አንገቱ ቀጥኗል። እጆቹ ከፊት ለፊቱ በካቴና ታስረዋል። አንድ ጊዜ አያትና ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። መምጣቷን እንዳልጠበቀ፣ ባለመጠበቁም እንዳፈረ ያስታውቅ ነበር።

ጂቱ መሙላት ጀመረች። ስም። ዕድሜ። ሥራ። የወር ደመወዝ። አድራሻ። ስድስተኛው መስመር ላይ እጇ ቆመ። ዋሱ ከተጠርጣሪው ጋር ያለው ዝምድና ይላል።

ኡርጂ መቆሟን አይታ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ብዙ ሰው ወዳጅ ብሎ እንደሚጽፍ፣ ሰረዝ አድርጎ የሚያልፍም እንዳለ፣ ምንም ችግር እንደሌለው ነገረቻት። ወዳጅ ቢባል ውሸት አይደለም። ጂቱ ግን ልጆች ልክ የሆነውን መልስ በግማሽ ጽፈው ሲያመጡ ሙሉውን የምታስጽፍ አስተማሪ ናት። ኮሪደሩ ላይ አባቷ አሉ። እዚህ የሚጻፈው መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ማኅተም ይመታበታል። ይህ ሰው እስከ ዛሬ ምንም አልጠየቃትም። በዚህ መስመር ላይ የምትጽፈውን አልቀበልም ካለ ቅጹ ይበላሻል፤ እሱም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳል። ይህን ሁሉ አሰበች። ከዚያም ጥቁር ሰሌዳ ላይ በምትጽፍበት ቀጥ ባለ ፊደል አንድ ቃል ጻፈችና ፈረመች።

ተጠርጣሪው ኦሮምኛ ስለማያውቅ ቅጹ በሚሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ ሊነበብለት ይገባል። አስተርጓሚው አቶ አጵሎስ ተጠሩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ ጆሯቸው የደከመና ስለዚህ ጮክ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው፤ እሷ እንዲህ ትላለች፣ እሱ እንዲህ ይላል አይሉም። ባለጉዳዩ እንደተናገረው፣ እኔ ብለው ነው የሚተረጉሙት። መነጽራቸውን አድርገው ተነሱ።

«እኔ ጂቱ ጎበና፣ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት፣ ሥራዬ መምህርት። ተጠርጣሪው በተጠራ ቁጥር እንዲቀርብ አደርጋለሁ፤ ባይቀርብ በሕግ እጠየቃለሁ። ከተጠርጣሪው ጋር ያለኝ ዝምድና» አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ፣ «እጮኛው ነኝ።»

ፖሊሱ ሳል መሰል ነገር አሰማ። ኡርጂ ዓይኗን ከመዝገቡ አላነሳችም። በሩ ክፍት ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ የነበረው የኦቦ ጎበና ጉሮሮ መጥረግ ተቋረጠ።

ጌዲ ቀና አለ። ጂቱ እንዲህ ዓይነት ፊት አይታ አታውቅም። ደስታ አልነበረም፤ ሐዘንም አልነበረም፤ ለብዙ ጊዜ ጨለማ ቤት ቆይቶ በር የተከፈተለት ሰው ዓይኑን እንደሚያጠበው ያለ ነገር ነው።

«ተጠርጣሪ፣ ይህ ትክክል ነው?» አሉ አቶ አጵሎስ።

ጌዲ የታሰሩ እጆቹን ተመለከተ።

«እኔ ነበርኩ መጠየቅ የነበረብኝ» አለ በዝግታ። «እጄ ሳይታሰር።»

አቶ አጵሎስ ወደ ሬጅስትራሯ ዞሩና በዚያው ከፍተኛ ድምፃቸው፣ እጃቸውን ሳይቀር አጣምረው፣ በኦሮምኛ ተረጎሙት። ጂቱ የሰማችውን እንደገና ሰማች፤ አሁን በእናቷ ቋንቋ፣ በአንድ ጉንፋናም ሽማግሌ አፍ። ቃሉ ሁለተኛ ሲመጣ ከመጀመሪያው ይልቅ ወደ ውስጥ ገባ።

«ይህን መዝገብ ላይ አልጽፈውም» አለች ኡርጂ፤ ድምፅዋ ግን ለስልሷል። «ትክክል ነው ወይስ አይደለም ነው የሚባለው።»

አቶ አጵሎስ ሊተረጉሙ አፋቸውን ሲከፍቱ ጌዲ ቀደማቸው። ዓይኑ ከጂቱ ላይ ሳይነሳ፣ ከጭነት ጓደኞቹና ከገበያ የለቃቀማትን ኦሮምኛ እየፈለገ፣

«ኤዬ» አለ። «ሲሪ ዳ።»

አዎ፣ ትክክል ነው። አነጋገሩ የተጣመመ ነበር፤ ግን የሚተረጎም ነገር አልቀረውም። አቶ አጵሎስ አፋቸውን ዘጉና ተቀመጡ።

ኡርጂ ጻፈች። ጌዲም በስሙ ትይዩ ፈረመ። የመፍቻ ትዕዛዙን ማኅተም የሚመታው ሰው ለጊዜው ቢሮው አልነበረምና ግማሽ ሰዓት ውጭ እንዲጠብቁ ተነገራቸው።

ኮሪደሩ ላይ ኦቦ ጎበና እንደተቀመጡ ነበሩ። ጌዲ ፖሊሱን ከኋላው አስከትሎ ፊታቸው ደረሰና ጎንበስ አለ።  አባቷ ከታሰሩት እጆቹ እስከ ፊቱ ድረስ ቀስ ብለው አዩት። በክፍቱ በር ስለሰሙት ነገር አላነሱም።

«የገጨሃት ሴት ስሟ ማን ይባላል?»

«ወይዘሮ ገነት ይባላሉ፣ አባቴ። ቤታቸው ተፍኪ ነው።»

«ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

«ሆስፒታል ሳደርሳቸው ጠይቄያለሁ። ያን ጊዜ ግን ሕመም ላይ ነበሩ፤ እንደሰሙኝ እንጃ። ስፈታ ቤታቸው እሄዳለሁ ብዬ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን» አለ ጌዲ። ኦቦ ጎበና ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የጠበቁትን እንደሰሙ ሁሉ።

«እንዲህ ላለ ይቅርታ ብቻን አይኬድም። ከቤተሰቡ አንድ ትልቅ ሰው ይቀድማል፤ ያጠፋው ከኋላ ይከተላል። እዚህ አገር እንዲህ ነው።» ወደ መንገዱ ተመለከቱ። «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ እቀድማለሁ። አንተ ትከተለኛለህ።»

 ኦቦ ጎበና መልስ ሳይጠብቁ ፈቀቅ ብለው ለፖሊሱም ጭምር ቦታ ለቀቁ። አራቱም በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፣ ጂቱ ከጥግ፣ ጌዲ ከአጠገቧ። የማንም እጅ ማንንም አልነካም። ሳምንቱን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስትሮጥ የሰነበተችው ልጅ ባለማኅተሙ በሚመጣበት መንገድ ትንሽ እንዲዘገይ ተመኘች።